ሰባቱ የማክሰኞ ስድቦች

የወይዘሮ ኦፓል ቲልማን ቢሮ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ጎዳና ላይ፣ ከአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት በላይ ነበር። ሃያ ሦስት ደረጃ። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአንድ እጃቸው ቦርሳቸውን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዘው ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይወጣሉ። አሥራ አራተኛው ላይ ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ «እዚህ ጋ ወንበር ማስቀመጥ አለብን» ይላሉ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ወንበሩ አልመጣም።

ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሥራቸው የሲቪል መብት ጥብቅና። እኔ ፈሪዳ ነኝ፣ የደሴ ልጅ። ስልክ አነሳላቸው፣ ወረቀት አደራጅላቸው፣ ለሐበሻ ባለጉዳይ አስተረጉምላቸው ነበር። አፍሽ አያርፍም ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። የእሳቸው የመጨረሻ ኬዝ ሲነሳ ግን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ዝም የምለው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ ነበር። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ የመጣሁባቸው ራሴ ባለጉዳይ ሆኜ ነው፣ በፈረንጅ 1992። ከባሌ ከዓብዱልወሃብ ጋር ሬንተን ውስጥ አፓርታማ እንፈልግ ነበር። በስልክ «ባዶ ቤት አለ፣ ኑ» ያለን ሰውዬ በአካል ሲያየን «አሁን ገና ተያዘ» አለን። ዓብዱልወሃብ «ተይው፣ ሌላ እንፈልጋለን» አለኝ፤ እሱ ለሁሉም ነገር ተይው ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰው ጠቁሞኝ ሃያ ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ። ወይዘሮ ቲልማን በሰባራ እንግሊዝኛዬ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ይህን ኬዝ በ1967 ይዤው ነበር» አሉኝ። «ያው ነው። የሰዎቹ ስም ብቻ ነው የሚለወጠው።»

በማግስቱ አንዲት ነጭ ጓደኛቸውን ወደዚያው ቤት ላኩ፤ ተያዘ የተባለው ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሰውየው ነገሩ ሲገባው ቤቱን እንስጣችሁ አለ። እኔ ፊቱን ጠዋት ጠዋት ማየት ስላልፈለግኩ እዚያው የነበርንበት ስካይዌይ ሰፈር ቀረን። ወይዘሮ ቲልማን ደግሞ «ስልክ የሚያነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ አንቺ እንደሆነ ዝም አትዪም» አሉኝ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት።

የተወለዱት አርካንሳስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባታቸው ሲያትል የመርከብ ግንባታ ሥራ አለ ሲባል ቤተሰቡን በባቡር ይዘው መጡ፤ እሳቸው አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ሰው ቤት ያጸዱ ነበር፣ ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛበት በውል በታሰረ ሰፈር። «እናቴ የዚያን ሰፈር ወለል በሙሉ ታውቀዋለች፤ እዚያ ለማደር ግን አይፈቀድላትም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳንድዊቻቸውን እየበሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ራሳቸው አሥር ዓመት ያህል በአንድ የጠበቆች ቢሮ ታይፕ ሲመቱ ኖሩ። የጠበቆቹን ስህተት እያረምኩ ከምኖር የራሴን ልሥራ ብለው በሠላሳ ዓመታቸው ሕግ መማር ጀመሩ። ሠላሳ አምስት ሲሞላቸው ጠበቃ ሆኑ።

የመጀመሪያ ቀን ችሎት ሲገቡ ዳኛው አይተዋቸው «ጠበቃሽ እስኪመጣ ኋላ ተቀመጪ» አሏቸው።

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኳቸው ስሰማ።

«ተቀመጥኩ። ጉዳዬ ሲጠራ ተነስቼ ሄድኩ።»

«ዳኛው አላፈሩም?»

«ቀና ብለውም አላዩ። ያን ቀን ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወጣት ነበርኩ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት። ቤት የተከለከሉ ሰዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር አናስገባችሁም የተባሉ ኤሌክትሪሲያኖች፣ ሦስት አለቆቿን አሠልጥና እሷ ግን አለቃ ያልሆነች ነርስ። የረቱበትን አያነሱም። የተረቱበትን ግን በስም፣ በዓመት፣ በዳኛ ያውቁታል፤ አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆመው ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ እያዩ «ያ ሰውዬ ልጁ ዶክተር ሆነ አሉ» ይላሉ ለራሳቸው። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልጠይቅም ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድካሙ ፊታቸው ላይ ነበር። እግራቸው ያብጣል። ሕጉ እየጠበበ መጣ ይላሉ፤ ሰዉ ደግሞ ያ ነገር ድሮ ቀርቷል ይላል። በ1997 መጨረሻ ከግሮሰሪ ስንወጣ አንድ ክሊፕቦርድ የያዘ ሰው አስቆማቸውና የሲቪል መብት ፔቲሽን ነው፣ ይፈርሙልኝ አላቸው። ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ብርድ ላይ ቆመው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ለጥቁርና ለሴት በሥራና በትምህርት የሚደረገውን ድጋፍ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉበትን ነገር፣ የሚያስቀር ወረቀት ነው፤ «ሲቪል መብት» የሚለው ስሙ ብቻ ከሳቸው የተወሰደ ነው። እስክሪብቶውን መለሱለት፤ «አመሰግናለሁ» አሉት። መኪና ውስጥ ገብተን «ምን የሚያመሰግን ነገር አለው?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ፈሪዳ፣ ደክሞኛል» አሉኝ።

ኑዕማን ከዚያ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ነው የመጣው፣ በ1996 ጸደይ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ የወሎ ሰው ነው። ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ውስጥ ቫን ይነዳ ነበር፤ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉ መንገደኞችን ወደ ተርሚናል ያደርሳል፣ ይመልሳል። ተቆጣጣሪው ከእሱ ጋር ነገር ጀመረ። በእረፍት ሰዓቱ ጥግ ይዞ ሲሰግድ ክላክስ ያደርግበታል። «ግመልህን የት አቆምካት?» ይለዋል በመንገደኛ ፊት። ከዚያም የባሰ አለ፤ አልደግመውም። ኑዕማን ስድስት ወር ቻለ፤ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ አመለከተ። በሁለተኛው ሳምንት ያልሄደበትን ዙር ሄድኩ ብሎ ሞልቷል፣ ሐሰተኛ ነው የሚል ደብዳቤ ሰጥተው አባረሩት።

ያ ደብዳቤ ነው የገደለው። ሌላ ቦታ ሥራ ባመለከተ ቁጥር የድሮ ቀጣሪውን ኮል ያደርጋሉ፤ «ሐሰተኛ መዝገብ ሲሞላ ተይዞ ነው» ይሏቸዋል። እዚያው አቅራቢያ ዴ ሞይን የሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ጓዳ ሰሐን ማጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ቢሯችን ሲመጣ ወይዘሮ ቲልማን «ምን እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ?» ብለው ጠየቁት፤ ሁሉንም ባለጉዳይ ይጠይቃሉ። እሱ «ሥራውን ይውሰዱት» አለኝ በአማርኛ። «ግን ውሸታም አይደለሁም። ይህን አንድ ሰው፣ የፍርድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ እንዲናገርልኝ ነው የምፈልገው።» ተረጎምኩላቸው። ጻፉት።

ከዚያ ደብተሩን አወጣ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር። መጀመሪያ ገጹ ላይ የገዛበት ቀን፣ መስከረም አንድ 1988፣ አለ፤ ስድቡ ከተጀመረበት ከማግስቱ አንስቶ፣ የተሰደበበትን ቀን እየጻፈ፣ ቃል በቃል፣ ማን ቆሞ እንደሰማ ሳይቀር መዝግቦታል። አርባ አንድ ቀን። ወይዘሮ ቲልማን አማርኛ አያነቡም፤ ግን ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ፣ በጣታቸው የመስመሩን ጠርዝ ነካ ነካ አደረጉ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆነው አላየኋቸውም። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞልኝ የመጣ ባለጉዳይ የለም» አሉ። «ይህ ደብተር ኬዙ ነው።» በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ሻንጣ ይዘው ያንኑ ቫን ስድስት ጊዜ ተሳፈሩ፤ ከማቆሚያው ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ማቆሚያው። ኑዕማን ይሰግድበት የነበረውን ጥግ፣ ተቆጣጣሪው የሚቆምበትን ቦታ በዓይናቸው አዩ። ሲመለሱ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። «ይህን ጨርሼ አቆማለሁ» አሉኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ሁሌ የሚሉት መስሎኝ።

ደብተሩን ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ቋንቋው አላስቸገረኝም። ቀኑ ደግሞ የሀገራችን ቀን ነው፤ ሰው ማስታወሻውን በምን ይጽፋል? ለእኔ ቀላል ነገር ነበር። መስከረም አንድ ማለት ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው፤ ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ መቁጠር ነው። ጥቅምት አሥራ አራት፣ ኦክቶበር ሃያ አራት። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ትርጉሙ ትክክል ነው ብዬ በቃለ መሐላ ፈረምኩ። እንዲያውም ኮራ ብዬ ነበር፤ ስሜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ፍርድ ቤት ሲገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ወረቀት ሲሄድ፣ ወረቀት ሲመጣ፣ ቀጠሮ ሲለወጥ። በ1998 ግንቦት ከተማ መሀል ካለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ገባን። ፍርዱን የሚሰጡት ስምንት ተራ ሰዎች፣ ጁሪ የሚባሉት፣ ተቀመጡ። ፍርድ ቤቱ ያመጣው አስተርጓሚ አዲስአለም የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ከወይዘሮ ቲልማን ኋላ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ኑዕማን በዚያ በማይሰማ ድምፁ ሲናገር፣ ለመስማት ሁሉም ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ። አንዲት ሸበቶ የጁሪ ሴትዮ እያንዳንዱን ቃል ትጽፋለች። እኔ በልቤ ረታን ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ደብተር የጻፉት ነገሩ በሆነበት በዚያው ቀን ነው?» አለ።

«በዚያው ቀን» አለ ኑዕማን።

«ቀን አሳስተው አያውቁም?»

«አላውቅም።»

ጠበቃው ትልቅ ሰሌዳ አስመጣ። አንድ በኩል የተቆጣጣሪው የሥራ ሰዓት ካርድ፣ በሌላው በኩል እኔ የተረጎምኳቸው ቀኖች። ተቆጣጣሪው የሳምንት እረፍቱ ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ሁሉ ወር አንድም ማክሰኞ ሥራ አልገባም። ከአርባ አንዱ ቀን ደግሞ ሰባቱ ማክሰኞ ላይ ዋሉ። ጠበቃው በቀይ እያከበበ አንድ በአንድ ጠራቸው። «ኦክቶበር ሃያ አራት፣ ግመል ያለው ቀን። ማክሰኞ። ሰውየው የት ነበር? ቤቱ።»

አዲስአለም ተረጎመለት። ኑዕማን ሰሌዳውን አየ። «እሱ ማክሰኞ አይገባም» አለ።

«ልክ ነዎት፤ አይገባም።»

«ስለ ማክሰኞ አልጻፍኩም። ያ ቀን ረቡዕ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የሚሳሳተው? እርስዎ ነዎት ወይስ ደብተርዎ?»

ሸበቶዋ ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዳኛው ለምሳ አስነሱን።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ኑዕማንን ነው። ኮሪደሩ ላይ ይዤው «ምን ነካህ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አትነግረንም?» አልኩት። አልተቆጣም። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ከፍቶ የጻፈውን በጣቱ ይከተላል።

«ፈሪዳ» አለኝ፣ «ያን ጊዜ ራሴን ስቼ ነበር እንዴ? የሌለ ሰው ነው የሰደበኝ? ጭንቀት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ይባላል። ምናልባት እነሱ እውነታቸውን ይሆናል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸታም አይደለሁም ያለ ሰው አሁን ራሱን ማመን ሊተው ነው። የከፈተውን የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ። መስከረም አንድ፣ 1988። የኔ ትርጉም ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ይላል። ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፣ 1995።

ልጄ ሐያ የተወለደችበት ቀን ነው።

ሐያ ደግሞ የተወለደችው በአዲስ ዓመት አይደለም። ጳጉሜ ስድስት ነው። አባቷ «ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ስጦታ ቀለለልን» እያለ ይቀልድባታል። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። ያን ዓመት መስከረም አንድ የዋለው በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሆስፒታል ድረስ መጥተው እንኳን አደረሰሽ ያሉኝ በማግስቱ ነው። እኔ በዚያች ቀን አምጬ ወልጄ፣ ቀኗን ረስቼ፣ አርባ አንዱንም ቀን አንድ አንድ ቀን ወደ ኋላ ጎትቻቸዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ የተሰደበው ሰውዬ በኔ እጅ ማክሰኞ ተሰደበ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው ሮጬ አልተናገርኩም። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትክክል ነው ብዬ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። የዜግነት ኢንተርቪውዬ በሚቀጥለው ወር ነው። በሐሰት ምላለች ቢሉኝስ? ዓብዱልወሃብ እዚያ ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ተይው፣ አርፈሽ ተቀመጪ ነው የሚለኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እኔም ለራሴ እንደዚያው እል ነበር። ግን መስመሩን የሚከተለው የኑዕማን ጣት ዓይኔ ላይ ነበር።

ወይዘሮ ቲልማን አንድ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ብስኩት እየበሉ ነበር። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «አለቀ» አሉ። ነገርኳቸው። ጣቴን እየቆጠርኩ፣ ወራቱን፣ ጳጉሜን፣ አንዷን ቀን። ብስኩታቸውን ማኘክ አቆሙ።

«አሥራ ሦስት ወር?» አሉ።

«አሥራ ሦስት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው በሌላ ካላንደር እንደሚኖር አላውቅም ነበር?»

«አልነገርኩዎትም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አይደለም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሰው እንደዚያ ይላል። እሳቸው ግን ጫማቸውን እያጠለቁ «አዎ፣ ያንቺ ነው» አሉ። «የኔም ነው። ሳልጠይቅ ነው የተቀበልኩት። ትናገሪያለሽ?» እናገራለሁ አልኩ።

አበጀ የሚባል ሰው ሬኒየር ላይ የሐበሻ ሱቅ አለው። ለደንበኛ በየዓመቱ የሚሰጠው የግድግዳ ካላንደር በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ አሮጌውንም አይጥልም፣ ከሱቁ ኋላ አንዱን በአንዱ ላይ ይሰቅለዋል። ኮል አደረግኩለት። ከነሽርጡ፣ የ1988ቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ፤ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የድርጅቱ ጠበቃ ተቃወመ። ዳኛው ካላንደሩን አገላብጠው አገላብጠው አዩና ፈቀዱ።

ምስክር ወንበር ላይ ወጣሁ። ወይዘሮ ቲልማን ቀስ አድርገው ጠየቁኝ፣ እኔም ተናገርኩ። ከዚያ ወጣቱ ተነሳ።

«በእናንተ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለ?»

«አዎ።»

«አሥራ ሦስተኛው ደግሞ አንዳንዴ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት ይሆናል?»

«አዎ። የእናንተም ፌብሩዋሪ እንደዚያው ያደርገዋል።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ትርጉሙ ትክክል ነው ብለው ምለው ፈርመዋል። አሁን ደግሞ ስህተት ነው ብለው ይምላሉ። የትኛውን መሐላዎን እንመን?»

«እኔን አትመኑኝ» አልኩ። «እኔ ተሳስቻለሁ። ካላንደሩን ቁጠሩት። እሱ አልተሳሳተም።» ኑዕማን የተቀመጠበትን ወንበር ማየት አልቻልኩም። ስወርድ ወይዘሮ ቲልማን ወንበሬን ሳብ አደረጉልኝ።

የመዝጊያ ንግግራቸው አጭር ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በነዚህ ክፍሎች ውስጥ ቆሜአለሁ» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው በእናንተ ልክ አትስፈሩት፣ ጠይቁት ብዬ። ይህ ሰው ደብተሩን አምጥቶ ሰጠኝ። እኔ አልጠየቅኩትም። የሱን ረቡዕ የኔ ማክሰኞ አድርጌ ይዤላችሁ መጣሁ። ስህተት ትፈልጋላችሁ? እኔ ጋ ነው። እሱ ጋ የለም።» ከዚያ ተቀመጡ። ተጨማሪ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ የውሃ ብርጭቆ ብቻ አነሱ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጠሩን። ለጁሪው የቀረበው ጥያቄ ሁለት ነው። ሸበቶዋ ሴትዮ ናት ቆማ የመለሰችው። ተቆጣጣሪው ኑዕማን በደብተሩ የጻፋቸውን ቃላት ተናግሯል ወይ? አዎ፣ አለች። ድርጅቱ ለዚህና ለመባረሩ ተጠያቂ ነው ወይ? አይደለም፣ አለች። ዳኛው አመሰገኗቸውና ተነስተው ገቡ። በቃ። ተረትን ማለት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሦስታችን ቆምን። ወይዘሮ ቲልማን ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔ ቀኖቹ ከመጀመሪያው ትክክል ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛውም አዎ ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ዛሬም አስባለሁ።

«ንገሪው» አሉኝ። «ተረትተናል በዪው። ግን ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለን። ሰኞ ጀምሬ እጽፈዋለሁ። አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት። እኔ አለሁ፣ አልተወውም በዪው።»

ይህን ሲሉ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ነገርኩት። ኑዕማን የገባው ሌላ ነገር ነው።

«የመጀመሪያውን አዎ ብላለች፣ አይደል?» አለኝ። «በሰው ፊት፣ ቆማ።»

«ብላለች።»

«ጽፎታል፣ አልዋሸም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ለመደበቅም አልሞከረ። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከተተና ወደ እሳቸው ዞረ። በአማርኛ ነው የሚናገረው፣ ግን እሳቸውን እያየ። «ፈሪዳ፣ እንዲህ በያቸው። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። እኔ ይግባኝ አልፈልግም። እሳቸው ግን ደክሟቸዋል፣ ከትናንትና ጀምሮ ሳያቸው ነበር። በኔ በኩል ጨርሰዋል። ከእንግዲህ ቤታቸው ገብተው አረፍ ይበሉ።»

ቃል በቃል መለስኩላቸው፤ አንዲትም አልጨመርኩ፣ አላጎደልኩም። ወይዘሮ ቲልማን መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከራሴ ያመጣሁት መስሏቸው። ከዚያ እሱን አዩ። በሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክዎ የኔን ይጨርሱልኝ ነው የሚላቸው፤ እኔም ብዬአቸዋለሁ። አግዳሚውን በእጃቸው ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። አለቀሱ፤ በስድስት ዓመት ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ። «ደግመሽ ንገሪኝ።»

ደግሜ ነገርኳቸው።